ሙሽራዋን የሳተው ማንጎ

ተሳፋሪ የሚባል ፍጥረት ቆሞ እያለ አይርበውም። ልብ ብላችሁት ታውቃላችሁ? አውቶቡሱ መናኸሪያ ውስጥ ተገትሮ ሲያረፍድ፣ ሻጩ በመስኮቱ ስር እየተሽከረከረ "ማንጎ፣ ማንጎ" ሲል ጉሮሮው እስኪደርቅ፣ ተሳፋሪው ሆዬ ፊቱን ወደ ሰማይ ነው። ሹፌሩ ማርሽ ያስገባ እንደሆነ ያን ጊዜ ሆዱ ይነቃል። አንገቱን በመስኮት አውጥቶ "አንተ፣ ባለ ማንጎው" ይላል። እስካሁን የት ነበርክ ብትለው አይመልስልህም። እየሄደ ነዋ።

እኔ አንተነህ ያደግሁት በዚህ ሰው ረሃብ ነው። ከትምህርት ጋር ዘጠነኛ ክፍል ላይ ተለያየን። እኔ ጥዬው ወጣሁ እላለሁ፤ እናቴ እሱ ነው የጣለህ ትላለች፤ ነገሩ እስከ ዛሬ በሽምግልና አላለቀም። ከዚያ ወዲያ ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ መውጫ ላይ ማንጎ መሸጥ ጀመርኩ። መውጫው ላይ ነው ያልኩት፣ ውስጥ አይደለም። ውስጥ ያሉት ቀድመው የገቡ፣ ቦታ ያላቸው፣ ጃንጥላ የዘረጉ ናቸው። ለኛ የሚደርሰን ከበሩ ወጥቶ መክነፍ የጀመረው አውቶቡስ ነው። እሱ ይሄዳል፣ እኔ ቆሜያለሁ፣ ማንጎው እጄ ላይ ነው፣ ሰውየው አፉን ከፍቷል። ምን ይደረጋል? መወርወር ነው።

መወርወር ደግሞ ዝም ብሎ መወርወር እንዳይመስላችሁ። ከእናንተ የገዛውን ሰው ዓይን ዓይኑን እያያችሁ ከወረወራችሁ፣ ማንጎው የሚደርሰው ከኋላው ለተቀመጠው ነው። እኔ መጀመሪያ ሰሞን እንዲህ ስሠራ አንድ የገዛ ሰው እጁን ዘርግቶ ሲጠብቅ፣ ፌስታሉ አልፎት ሄዶ ተኝተው የነበሩ መነኩሴ ጭን ላይ አረፈ። በኋላ የአውቶቡሱ ረዳት እንደነገረኝ፣ አባ ብንን ብለው ነቁ፣ ፌስታሉን አዩ፣ ቀና ብለው ጣራውን አዩ፣ አማተቡ፣ ከዚያ መላጥ ጀመሩ። ባለቤቱ "አባቴ፣ የኔ ነው እኮ" ቢላቸው፣ "ልጄ፣ ከላይ የመጣን ነገር መመለስ ድፍረት ነው" ብለውት አርፈው በሉ። ደንበጫ ሲደርሱ ግን ፍሬውን አካፍለውታል አሉ። ፍሬውን ማለቴ ውስጡ ያለውን፣ የሚተከለውን።

ከዚያ ወዲህ ተማርኩ። ዘዴው ምንድን ነው መሰላችሁ? የገዛውን ሰው አታየውም። ከፊቱ የተቀመጠውን ነው የምታየው። ወደ ፊተኛው ትወረውራለህ፣ ማንጎው እስኪደርስ አውቶቡሱ ይራመዳል፣ ለኋለኛው ይገባል። ይኸው ነው። እጄ ይህን ለምዶ ለምዶ ሰላምታ ስሰጥ እንኳ ከሰውየው ፊት ለፊት ያለውን አየር ነው የምጨብጠው እያሉ ጓደኞቼ ያሙኝ ነበር።

ግቢያችን ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚኖር መምህር ሀብታሙ የሚባል የፊዚክስ አስተማሪ አለ። ከጎንደር ወገን ነው፣ ቀጭን፣ ደግ፣ ነገር ሁሉ የሚገርመው ሰው። አንድ ቀን ሥራ ላይ አየኝ። እዚያው ቆሞ ቀረ። አውቶቡሱ ከሄደ በኋላ የጠፋ ዘመዱን እንዳገኘ ሰው እየሳቀ መጥቶ፣

"አንተነህ፣ ይኸ እኮ ፕሮጀክታይል ነው" አለኝ።

የሰደበኝ መሰለኝ። "ቲቸር፣ አንተስ ብትሆን" አልኩት።

አስረዳኝ። የተወረወረ ነገር ሁለት ጉዞ አለው አለ። አንዱ ወደፊት፣ አንዱ ወደታች። ሁለቱ አንድ ጎጆ ውስጥ የሚኖሩ የተኳረፉ ባልና ሚስት ማለት ናቸው። ወደፊት የሚሄደው ወደታች የሚወርደውን አይጠይቀውም፣ ወደታች የሚወርደውም ወደፊት ለሚሄደው አይነግረውም። መጨረሻቸው ግን አንድ ነው፣ እኩል መሬት ይደርሳሉ። ደስ አለኝ። ለዚህ ለዚህማ ትምህርት ቤት እኔን ሲያሰቃየኝ ምን ነበር ባልና ሚስት ብሎ ቢጀምር?

አሁን ወደ ሠርጉ እንግባ። ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ይባል የለ? ይኸው እየቀነጠስኩ ቆየሁ።

ባለፈው ግንቦት እህቴ የሺ ተዳረች። ባሏ የቡሬ ልጅ ነው፤ ሰላማዊ፣ ብዙ የማይናገር። የማይናገረው አጎቱ ስለሚናገሩለት ነው። አያ ቢተው ይባላሉ። በዚያ አገር ሠርግ ያለ እሳቸው አይሆንም። ወግ አዋቂ ናቸው። ማን በየት በኩል እንደሚገባ፣ ማን ቀድሞ እንደሚቀመጥ፣ ቅልጥሙ ለማን እንደሚሰጥ፣ ሁሉም ከእሳቸው አፍ ነው የሚወጣው። ቤታችን ገና ሲደርሱ ደንባቸውን ዘረዘሩ። ሙሽራ ሊወስድ የመጣ መኪና በመጣበት መንገድ አይመለስም አሉ። ሙሽራ የጫነ መኪና ከወንዱ ደጅ ሳይደርስ አይቆምም አሉ። የሴት ወገን ደግሞ የሠርጉ ዕለት ከወንድ ቤት ድርሽ አይልም አሉ።

ከፍኖተ ሰላም ቡሬ አስፋልቱ አንድ ነው። በሌላ መንገድ ልሂድ ብትል መብረር ነው። አያ ቢተው ግን መላ አያጡም፤ መኪናው በቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ በኮረኮንቹ ይዙርና አስፋልቱን ይያዝ፣ ወግም ይከበር ብለው ወሰኑ።

በኛም ቤት በኩል ደንብ አለ። የሙሽራ ሻንጣ ቁልፍ የሚቀመጠው በወንድሟ እጅ ነው። ሚዜዎቹ ወንድሟን ደስ ሳያሰኙት ቁልፉ አይወጣም። እኔም ደስ የሚለኝን ቀደም ብዬ አይቼው ነበር፤ የአንደኛ ሚዜው ጥቁር መነጽር።

"መነጽሩን" አልኩት።

"ፀሐይ ነው ወንድሜ፣ ዓይኔን ያመኛል" አለ።

"እኔንም ፀሐይ ነው። መናኸሪያ በር ላይ ነው የምውለው።"

"ከረባቴን ውሰድ።"

"ከረባት አድርጌ ማንጎ ልሽጥ?"

ልጃገረዶቹ እየዘፈኑ፣ ከበሮው እየተመታ፣ እኛ ሻንጣው ላይ ቆመን እንከራከራለን። አያ ቢተው በዚህ መሐል ሰማዩን አይተው "በሉ ተነሡ፣ ጀንበር ልታዘቀዝቅ ነው" አሉ። ገና ከምሳ መነሣታችን ነበር፤ እሳቸው ካሉ ግን አዘቅዝቃለች። ሚዜው "ከሙሽሮቹ ጋር አንድ ፎቶ ልነሣበትና አምጥቼ እሰጥሃለሁ፣ በማርያም" ብሎ ሮጠ። ሻንጣው ተጫነ። ክላክሱ አምባረቀ። እልልታ፣ አቧራ፣ ጭብጨባ። አቧራው ሲገልጥ ግቢው ባዶ ነው፣ እኔ ደጃፉ ላይ ቆሜያለሁ፣ ቁልፉ መዳፌ ውስጥ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይኸው ነው።

እናቴ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር። ቁልፉን አየችና "ቀሚሱ" ብቻ አለች።

ስለ ቀሚሱ ልንገራችሁ። ቬሎውን የመረጠችው የሙሽራው እህት ናት። መኪናውን አያ ቢተው። የእራት ግብዣውን ቦታ፣ ሙዚቃውን፣ አበባውን፣ ሁሉንም ሌላ ሰው ነው የመረጠው። የሺ ለራሷ የጠየቀችው አንድ ነገር ነው። ክረምቱን ሙሉ እናቴ ፈትላ፣ ሸማኔው ሠርቶት፣ ጥለቱን ራሷ የሺ ያስመረጠችው የሀበሻ ቀሚስ። የዚያን ዕለት ማታ የቡሬ ሴቶች ተሰብስበው ሲጠብቁ፣ ቬሎውን አውልቃ በዚያ ቀሚስ ልትወጣ ነው። እንግዲህ ሻንጣው ካልተከፈተ ምን ይሆናል? ወይ በምሳር ይሰበራል፤ ያኔ "ገና ደጃችንን ስትረግጥ ምሳር ያስነሣች" እየተባለ ልጅ እስክትወልድ ይዘፈንባታል። ወይ ደግሞ በተውሶ ጨርቅ፣ እንደ እንግዳ፣ ጥግ ይዛ ትቀመጣለች። የሺ ሰው ሲስቅባት ዝም ብላ የምትቀበል ልጅ ናት፤ አታለቅስም፣ አትመልስም፣ ውስጧ ነው የሚደርቀው። እናቴ የፈራችው ያንን ነበር። እኔም።

ስልክ ደወልን። የሺ ስልኳን የት አደረገችው? ሻንጣው ውስጥ። የሙሽራው ስልክ ለቪዲዮው ሲባል ተዘግቷል። ሚዜው ስልኩ ይጠራል፤ በክላክሱና በከበሮው ጩኸት ማን ሊሰማው?

ጓደኛዬ ይበልጣል ባጃጅ ይነዳል። ለሠርጉ ለብሶ፣ በልቶ፣ ጠጁን ግን ስለሚነዳ ሳይቀምስ ተቀምጦ ነበር። "ግባ" አለኝ። ስገባ መምህር ሀብታሙ በሌላው በኩል በሙሉ ልብሱ ተቀምጧል።

"አንተ ደግሞ ወዴት ነህ?" አልኩት።

"ቁልፉን በምን ልትሰጣቸው ነው? መኪናው አይቆምም፣ እናንተ ቤታቸው አትገቡም፣ ባጃጅ ደግሞ ከኬላው አያልፍም። መወርወር ነው ያላችሁ። ሳይንስ ያስፈልጋችኋል።"

እውነቱን ነው። ባዶ ቁልፍ ግን ንፋስ ይጫወትበታል፤ ክብደት ስጠው አለኝ። ከግቢያችን ዛፍ አንድ ማንጎ ቀጠፍኩና ከዳሱ በተገነጠለ ሪባን ቁልፉን ወገቡ ላይ ጠፍሬ አሰርኩት። የበሰለውን ነው የመረጥኩት። ጥሬው ሰው ቢያገኝ ጥርስ ያወልቃል።

ሠርገኛው በቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ሲዞር እኛ በአቋራጭ አስፋልቱ ላይ ጠበቅነው፤ ሲያልፈን ከኋላው ተነሣን። ከፊት ቪዲዮ ቀራጩን የጫነች ፒክአፕ፣ ከዚያ የሙሽሮቹ መኪና፣ ከዚያ አጃቢው። ቪዲዮ ቀራጩ ቀስ በሉ ስለሚላቸው ያን ያህል አይከንፉም፤ ለባጃጅ ግን መክነፍ ነው። መጀመሪያ የኋለኛውን መኪና ደረስንበት። ቁልፉን በሪባኑ አንጠልጥዬ አሳየኋቸው። ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ጭብጨባ ጨመሩ። አንዷ በመስኮት ወጥታ "ማንጎ ይዞ መጣ የሙሽሪት ወንድም" ብላ ግጥም አወጣችልኝ። ግጥሙ አይከፋም ነበር፣ ጊዜው ነው እንጂ።

አልፈናቸው ከሙሽሮቹ መኪና ጎን ገባን። የሺ ከሹፌሩ ኋላ ተቀምጣለች፣ ሙሽራውና ሚዜው ከጎኗ፤ ሙቀት ስለነበር መስኮቱ ተከፍቷል። አያ ቢተው ነጭ ጋቢያቸውን ተከናንበው ጋቢና ከሹፌሩ አጠገብ። የሺ አየችኝ። ቁልፉን አየች። መጀመሪያ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች፣ ከዚያ ሁለት እጇን በመስኮት ዘረጋች። ይበልጣል ሊጠጋ ሲል ሹፌሩ በእጁ ዞር በል፣ ዞር በል ይላል። የኪራይ መኪና ነው፣ ጭረት ፈርቷል።

"ከዚህ በላይ ልፍጠን ብል ጎማው ጥሎን ይሄዳል" አለ ይበልጣል። "ኬላውም እየታየ ነው። ምን ትጠብቃለህ?"

መምህር ሀብታሙ ጆሮዬ ስር ገባ። "ስማኝ አንተነህ። እኩል እየሄድን ነው። ለኛ መኪናው ቆሟል ማለት ነው። ቀጥ አድርገህ ወደሷ ወርውር። ወደፊት እንዳታስቀድም።"

"ቆሟል? ዛፉ ሲሮጥ አይታይህም?"

"ዛፉን ተወው። ማንጎው ከእጅህ ሲወጣ የባጃጁን ፍጥነት ይዞ ነው የሚወጣው።"

"የባጃጁን ፍጥነት ማን ነገረው?"

"እጅህ ላይ ተሳፍሮ የለም እንዴ የመጣው? እንደ ተሳፋሪ ቁጠረው።"

ተሳፋሪ ማለት አልነበረበትም። ተሳፋሪ ሲለኝ እጄ ወደ መናኸሪያው በር ተመለሰ። አእምሮዬ፣ እመኑኝ፣ የሺን ነው ያየው። ክፉ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ይባላል፤ እጄ ከፊቷ ያለውን ወንበር አየ። ወረወርኩ።

ማንጎው ያምር ነበር። ይህን ማንም አይወስድብኝም። ከነሪባኑ እየተሽከረከረ ተነሣ፣ የተዘረጉትን የየሺን እጆች አንድ ክንድ ያህል ቀድሟቸው ሄደ፣ በሹፌሩ መስኮት ገባ፣ በአገጩ ስር አለፈ። ሹፌሩ ዓይኑን እንኳ ከመንገዱ አልነቀለም፤ ኋላ ሲጠየቅ ዝንብ መስሎኝ ነው ብሏል። ከዚያ አያ ቢተው ነጭ ጋቢ ላይ፣ ደረታቸው መሐል፣ ፈነዳ።

 መምህር ሀብታሙ ጆሮዬ ስር እንዳለ በቀስታ "ቀጥ ብታደርገው ይገባ ነበር" አለ። ኬላው ላይ ትራፊኩ እጁን አነሣብን። ቆምን። ሠርገኛው አልቆመም። ወጉ አይፈቅድምና ማንጎ የተቀባ ሽማግሌ ይዞ በማንኩሳ በኩል ወደ ቡሬ ነጎደ።

ቤት ስመለስ እናቴ "አደረስክ?" አለችኝ።

"ደርሷል" አልኩ። ዋሸሁ?

"ለማን?"

"መኪናው ውስጥ።"

ከዚያ በኋላ ያለውን ሰዓት እንዴት እንዳሳለፍኩት አትጠይቁኝ። የቀረውን ጠላ የሚጠጡት ጎረቤቶች ሲስቁ በኔ ይመስለኛል። እናቴ ስልኳን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ጀንበር በእውነት አዘቅዝቃ ከጠለቀች በኋላ ስልኩ ጮኸ። የሺ ናት። ለመናገር ብትሞክር ሳቅ አላናግራት አለ። እናቴ ልቅሶ መስሏት ብድግ አለች።

ነገሩ እንዲህ ሆነ። አያ ቢተው ጋቢያቸውን አዩ። ማንጎውን አዩ። በሪባን የታሰረውን ቁልፍ አዩ።  ሚዜው "ይኸማ ነውር ነው" ሊል አፉን ከፈተ። እንግዲህ ፍረዱ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የማያውቁት ወግ ገጥሟቸው የማያውቅ ሰው፣ የማያውቁት ወግ ደረታቸው ላይ ቢፈነዳ ምን ያደርጋሉ? ያውቁታል እንጂ።

"ዝም በል" አሉት ሚዜውን። "አንተ ልጅ ነህ፣ አልደረስክበትም። ይኸ የዚህ የዳሞት አገራችን የጥንት ወግ ነው። የሙሽራዋ ወንድም ቁልፉን ከፍሬ ጋር አስሮ ለሽማግሌው ይወረውራል። ሽማግሌውም ተቀብሎ በእጁ ይከፍታል። ጠፍቶ ነበር እኮ፤ እነዚህ ሰዎች ጠብቀውታል ለካ።"

ከዚያም ማንጎውን የተረፈውን ያህል በሉ። ቁልፉን በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው ኪሳቸው ከተቱ። የሺ "አያ፣ ይስጡኝ" ብትላቸው፣ "ወግ ይበላሻል ልጄ" አሏት። ቡሬ ሲደርሱ ሴቶቹን ሰበሰቡ፣ ሻንጣውን መሐል አስመጡ፣ ቁልፉን ከፍ አድርገው አሳዩና ከተቱት። አልዞር አለ። ማንጎው ተጣብቆበታል። አያ ቢተው ግን አልደነገጡም፤ "ለመጀመሪያ ጊዜ እንቢ ማለቱም የወጉ ነው" ብለው ሁለተኛ ሞከሩ። ተከፈተ። የሺ ቀሚሷን ለብሳ ስትወጣ እልልታው ቤቱን ሊያፈርሰው ነበር። "አንቱ" ብለው ነው ያስቀመጡኝ አለች፣ እየሳቀች። ጥለቱን አንድ ባንድ እየዳሰሱ የማን እጅ ነው ብለው ጠይቀዋታል። እናቴ ይህን ስትሰማ ስልኩን ለኔ ሰጥታኝ ጓዳ ገባች። አለቀሰች መሰለኝ፣ አላየሁም።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። አያ ቢተው ግን የነኩት ነገር አያበቃም። ቀጥሎ በሸኙት ሠርግ "ማንጎው የታል?" ብለው ጠየቁ። በሚቀጥለው ሳምንት ማንኩሳ ተወረወረ። ከዚያ የጅጋ ከተማ ሰዎች እኛ ጋ ነው የተጀመረው፣ ከኛ ነው የተሰረቀው ብለው ተነሡ። ማንጎ በማይገኝበት ወር ቲማቲም ወረወሩ የሚል ወሬም ሰምቻለሁ፣ አላመንኩም። እናቴ እንኳ አሁን ሰው ሲጠይቃት ረጋ ብላ "አያቴም እንዲሁ ነው የተዳረችው" ትላለች። አያቷ የተዳረችው በበቅሎ ነው።

እኔን ደግሞ ከየአገሩ ይጠሩኛል። አስተምረን ይላሉ የሙሽራ ወንድሞች። ደንቡ ጠንካራ ነው፤ ማንጎው የሙሽራዋን እጅ ቀድሞ፣ በሹፌሩ አገጭ ስር አልፎ፣ የሽማግሌው ጋቢ ላይ ማረፍ አለበት። ሙሽራዋ ጋ ከገባ ወጉ ተበላሸ ተብሎ ይደገማል። መምታት አይደለም የምናስተምረው፣ መሳት ነው፤ ከመምታት ይከብዳል። አስቡት እስቲ፣ ያን ቀን መትቼ ቢሆን ኖሮ ቁልፍ ተቀበለች ተብሎ ይረሳ ነበር። ስለሳትኩት ባህል ሆነ።

የተጎዳው መምህር ሀብታሙ ብቻ ነው። በቅርቡ ለተማሪዎቹ ፈተና ሲያወጣ እውነቱን ላሳያቸው ብሎ አንድ ጥያቄ አስገባ። አንድ ባጃጅና አንድ የሙሽራ መኪና ጎን ለጎን በእኩል ፍጥነት ይሄዳሉ፤ የሙሽራዋ ወንድም ማንጎውን ቀጥ አድርጎ ወደ እህቱ ቢወረውር የት ያርፋል? ይላል። ክፍሉ በሙሉ "ሽማግሌው ጋቢ ላይ" ብሎ መለሰ። በሙሉ ኤክስ አደረገባቸው። በማግስቱ ወላጆች ነጫጭ ጋቢ ለብሰው፣ ከፊት ሽማግሌ አስቀድመው፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ተሰለፉ። ማብራሪያ ሊሰጥ ጠመኔ አነሣ፤ አስቀመጠው። ኤክሱን ሁሉ ወደ ራይት ቀየረላቸው።

ፊዚክስም ቢሆን ዳሞት ከገባ ሽማግሌ ያከብራል።